ሮቶው ለምን አይሞላም? የደም ግፊት ክትትል ከሰፈር ሰፈር የሚለያይበትን ምክንያት በሲሙሌሽን ሞዴል የማየት መመሪያ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኖሮ ሮቶ የማያውቅ ሰው የለም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፤ ሲጠፋ ከሮቶው ይቀዳል። ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ግን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲገባ ቢያድርም ጠዋት ባዶውን ታገኙታላችሁ። ይህ የገባው ሰው የሲሙሌሽን ሞዴልን፣ ማለትም እውነተኛውን ነገር በቁጥር አስመስሎ ወደፊት የሚያስኬደውን ስሌት፣ ግማሽ ተምሯል። የምሬን ነው።

ይህን የምጽፈው ጤና ጣቢያ፣ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ እድር ወይም አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ሆናችሁ «እዚያ ማዶ ያሉት ግፊታቸውን በደንብ ይከታተላሉ፣ እዚህ ያሉት ለምን ይጠፋሉ?» እያላችሁ ለምትብሰለሰሉ ነው። ኤክሴል ያለው አንድ ኮምፒውተር ይበቃል። ሂሳቡ መደመር፣ መቀነስና ማባዛት ነው።

ጥያቄውን አጥብቡት

«ማኅበራዊ ችግሮች በጤና ላይ ያላቸው ተፅዕኖ» ለዎርክሾፕ ባነር ይሆናል እንጂ ለሞዴል አይሆንም። ማን? ምን? እስከ መቼ? እነዚህ ሦስቱ ካልተመለሱ ወደፊት አትሂዱ።

እኛ የያዝነው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ጤና ጣቢያው በእግር በሚደረስበት ሰፈር የሚኖሩና ለመድረስ ሁለት ታክሲ የሚይዙ የግፊት ታማሚዎች አሉ። በሚቀጥሉት 5 ዓመታት በክትትል ላይ በመቆየት በኩል ያላቸው ልዩነት ይሰፋል ወይስ ይጠባል? ምን ብናደርግስ ይጠባል?

ግፊትን የመረጥነው ሳያም ስለሚገድል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ወደ 16 በመቶ የሚሆኑ አዋቂዎች ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በዚያው ጥናት የአንድ ሰው የቀን የጨው ፍጆታ በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ኪኒኑ ውድ ሆኖ አይደለም ሰው የሚያቋርጠው ይላሉ አንዳንዶች። ልክ ናቸው፣ ግን ኪኒኑ ያለበት ቦታ ድረስ ያለውን መንገድ ረስተዋል።

ከሰው ጋር ሳትቀመጡ ኮምፒውተር አትክፈቱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በእኔ ግምት የሥራው ስልሳ በመቶ እዚህ ጋ ያልቃል።

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ሰብስቡ። እድር አዳራሽ ጥሩ ነው፤ ቡና ይፈላ። በክትትል ላይ ያሉ ይኑሩ፣ ያቋረጡ ደግሞ በግድ ይኑሩ። ካርድ ክፍል የምትሠራዋን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን፣ መድኃኒት የሚያድለውን ጥሩ። ታክሲ ተራ አስከባሪም ጥሩ፤ የሰልፉን ርዝመት ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ኃላፊዎችን ግን ለሁለተኛው ስብሰባ አቆዩዋቸው። ኃላፊ ፊት ሰው «ሁሉም ጥሩ ነው» ይላል።

«ለምን መድኃኒትዎን አይወስዱም?» ብላችሁ አትጠይቁ። ክስ ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ ቀጠሮ ያለፈዎት ዕለት ምን ገጥሞዎት ነበር?» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ።

እኛ ጋ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንድ እናት ነበሩ። ከመቀነታቸው የኪኒን እሽግ ፈትተው አወጡ። ከአሥሩ ኪኒን አምስቱ ብቻ ተፈልቅቀዋል፤ አንዱ ተዘሎ፣ አንዱ ተፈልቅቆ፣ ልክ እንደ ዳማ ሰሌዳ።

«ልጄ፣ አንድ ቀን እውጣለሁ፣ አንድ ቀን እዘላለሁ» አሉኝ። «እንዲህ ሳደርገው የአንድ ወሩ ሁለት ወር ይሄድልኛል።»

«ለምን እማማ? ኪኒኑ እኮ ጤና ጣቢያው አለ።»

«አለ። እኔ እዚያ ስውል ሊጡን ማን ይጋግረዋል?»

መዝገቡ ላይ እኚህ ሴት «ቀጠሮ ያልመጡ» ናቸው። ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ሞዴሉ የሚያስፈልገው ደግሞ ያ የሌለው ዓምድ ነው።

የሰማችሁትን ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ በቀስት አያይዙት። አንዱ ቀስት ሌላውን እየጎተተ ዞሮ መነሻው ላይ ሲመጣ አዙሪት አገኛችሁ ማለት ነው። ከእኛ አዙሪቶች አንዱ እንዲህ ይሄዳል፦ ቀጠሮ ያልፋል፤ ራስ ምታቱ ሲጠና ግል ክሊኒክ ይኬዳል፤ ለዚያ ብድር ይገባል፤ የቤት ኪራይ ይጎድላል፤ ኪራይ ወደሚረክስበት ወደ ዳር ይወጣል፤ ታክሲው ሁለት ይሆናል፤ ቀጠሮ ያልፋል። ሌላው ደግሞ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ሰው ቤት ደርሶት ከቂርቆስ ወደዚህ መጣ፣ ካርዱ ግን እዚያው ቀረ። ዕጣ የወጣለት ቀን እልል ሲል ከክትትል እንደሚወጣ ማን አሰበ?

እ.ኤ.አ. በ2008 በማይክል ማርሞት የሚመራው የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽን ሰው የሚወለድበት፣ የሚያድግበት፣ የሚሠራበትና የሚኖርበት ሁኔታ ጤናውን ይወስነዋል ብሎ ሪፖርት አውጥቷል። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ያንኑ በሰፈር ቋንቋ ያሳያችኋል።

ሮቶዎቹን ሳሉ

ቀስቱ ሲበዛ ያዞራል። ስለዚህ ቀንሱ። እኛ በሦስት ሮቶ ጨረስነው፦

- ግፊት ያላቸው ግን የማያውቁ
- በክትትል ላይ ያሉ
- ጀምረው ያቋረጡ

ቧንቧዎቹም ሦስት ናቸው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚወስደው ምርመራ ነው። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚወስደው ማቋረጥ ነው። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው የሚመልሰው መመለስ ነው። ይህን አሳሳል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄይ ፎረስተር የተባለ ምሁር ለፋብሪካዎች ችግር አመጣው። በኋላ ወደ ጤና ገባ፤ በአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ድጋፍ የተሠራው ፕሪዝም የተባለው የልብና የደም ሥር በሽታዎች ሞዴልም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

አሁን ማኅበራዊ ምክንያቶቹን የት ታስቀምጧቸዋላችሁ? ቧንቧው መክፈቻ ላይ። ማቋረጥ የሚለው ቧንቧ ላይ የታክሲ ወጪ፣ የሚቀር የቀን ገቢ፣ ጠበል ሲገባ ኪኒን ማቆም፣ ቤት መቀየር ብላችሁ ጻፉ። ድህነት ሮቶ ውስጥ አይገባም፤ መክፈቻውን የሚያዞረው እጅ ነው።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። ሥዕሉን ሁለት ጊዜ ሳሉት፤ አንዱ ለቅርቡ ሰፈር፣ አንዱ ለሩቁ። አንድ ላይ ከደባለቃችሁት አማካዩ ልዩነቱን ይውጠውና አርፋችሁ ትተኛላችሁ።

ቁጥር ከየት ይመጣል?

ከክትትል መዝገብ። በደብዳቤ ፈቃድ ጠይቁ፣ ስምና ስልክ አትገልብጡ፤ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ጀመረ? ከነሱ ስንቱ ዛሬ አለ? ስንቱ ጠፍቶ ተመለሰ? አድራሻውን ቅርብና ሩቅ ብላችሁ ክፈሉት። መዝገቡ ላይ የሌለውን እዚያ የሠሩ ሰዎችን ጠይቁ፣ ግን አንድ ቁጥር ሳይሆን «ከስንት እስከ ስንት» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ በዓመት 60 በመቶ ያቋርጣል የሚል ቁጥር ነበረኝ። ለ12 አካፍዬ በወር 5 በመቶ ብዬ አስገባሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ በኩራት አቀረብኩት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ደመረና «ጋሼ፣ የእርስዎ ሞዴል በዓመት የሚያጣው 46 በመቶ ብቻ ነው» አለኝ። ልክ ነበር። በየወሩ የሚቀነሰው ከቀረው ላይ ስለሆነ ነው። በዓመት 60 በመቶ እንዲጠፋ በወር 7.35 በመቶ ገደማ መውጣት አለበት። መንገዱ ይህ ነው፦ የሚቀሩትን (0.4) ወስዳችሁ 12ኛ ሥሩን አውጡ (ኤክሴል ላይ =0.4^(1/12) ብላችሁ ጻፉት፣ እሱ ያወጣዋል)፣ ያንን ከ1 ቀንሱ። ፊቴ እንዴት እንደቀላ አትጠይቁኝ።

ኤክሴሉ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች መለማመጃ እንዲሆኑ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። የማንም ሰፈር ቁጥር አይደሉም፤ በራሳችሁ መዝገብ ተኩዋቸው።

በሁለቱም ሰፈር 1,000 ግፊት ያለው ሰው አለ እንበል። 700ው አያውቅም፣ 200 በክትትል ላይ ነው፣ 100 አቋርጧል። አጀማመራቸው አንድ ነው። በሁለቱም ሰፈር ካላወቁት 2 በመቶው በየወሩ ይመረመራል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ ቅርቡ ሰፈር በወር 2 በመቶ ያቋርጣል፣ ካቋረጡት 5 በመቶ ይመለሳል። ሩቁ ሰፈር 8 በመቶ ያቋርጣል፣ 2 በመቶ ይመለሳል።

አንድ ረድፍ አንድ ወር ነው። ሦስት ዓምድ ለሦስቱ ሮቶዎች ያዙ። መቶኛዎቹን ከላይ በተለየ ሳጥን ጻፏቸው፤ ቀመር ውስጥ እንዳትቀብሯቸው፣ በኋላ ትፈልጓቸዋላችሁ። ቀመሩ በቃል ይህ ነው፦ የዚህ ወር በክትትል ላይ ያሉ እኩል ይሆናል ያለፈው ወር በክትትል ላይ የነበሩ፣ ሲደመር የተመረመሩ፣ ሲቀነስ ያቋረጡ፣ ሲደመር የተመለሱ። የሌሎቹም ሁለቱ በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ እስከ 60ኛው ወር ድረስ ወደ ታች ጎትቱት።

የመጀመሪያውን ወር በእጅ እንሥራው። ቅርቡ ሰፈር፦ 200 ሲደመር 14፣ ሲቀነስ 4፣ ሲደመር 5፤ 215። ሩቁ ሰፈር፦ 200 ሲደመር 14፣ ሲቀነስ 16፣ ሲደመር 2፤ 200።

ቀጥሉ። ሁለተኛውም ወር 200። አሥረኛውም 200። ስድሳኛውም 200። ባለሙያው በየወሩ አዲስ ሰው እየመረመረ፣ ካርድ እያወጣ፣ ሪፖርት እየጻፈ፣ ሮቶው ንቅንቅ አይልም። ቅርቡ ሰፈር ግን በ5 ዓመት 588 ይደርሳል። ታማሚው ሰነፍ አልሆነም፣ ሐኪሙም አልተለየም። ቧንቧው ነው።

አሁን ሐሳቦቻችሁን ፈትኑ

የሞዴሉ ጥቅም እዚህ ይመጣል። ሰው ላይ ሳትሞክሩ ወረቀት ላይ ትሞክራላችሁ።

መጀመሪያ ሁሉም የሚወደውን እንሞክር፤ የምርመራ ዘመቻ። ድንኳን ተተክሎ፣ ቲሸርት ተለብሶ፣ ግፊት እየተለካ። በሩቁ ሰፈር ምርመራውን ከ2 ወደ 4 በመቶ አሳድጉት። በ12ኛው ወር በክትትል ላይ ያሉት 277 ይሆናሉ። እሰይ! የዓመቱ ሪፖርት ያምራል። 15ኛው ወር ላይ 278 ደርሶ ይቆምና መውረድ ይጀምራል። በ24ኛው ወር 269፣ በ60ኛው 220። ያቋረጡት ሮቶ ግን 720 ደርሷል። ዘመቻው ሰዎቹን ከማያውቁት ሮቶ ወደ ያቋረጡት ሮቶ ነው ያሻገራቸው።

ሁለተኛ፣ ምርመራውን እንዳለ ትታችሁ ማቋረጡን ከ8 ወደ 4 በመቶ አውርዱት። ይህ በተግባር ምን ሊሆን ይችላል? ግፊታቸው ለተረጋጋ ሰዎች፣ ሐኪሙ ካመነበት፣ የሦስት ወር ኪኒን በአንዴ መስጠት። ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ለተረጋጉ የኤችአይቪ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተሠራበት ነው። ወይም ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትዞር ኪኒኑን ይዛ እንድትሄድ ማድረግ። ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ክትትል መክፈት። ውጤቱ፦ በ12ኛው ወር 270፣ በ24ኛው 303፣ በ60ኛው 330።

12ኛው ወር ላይ አስተዋላችሁ? 277 ለ270። በአንድ ዓመት ብትመዝኑት ዘመቻው ይበልጣል። በሁለት ዓመት ይገለበጣል። የፕሮጀክት ዕድሜ ስንት ወር እንደሆነ የምታውቁ ሰዎች ፈገግ ብላችኋል መሰለኝ።

ሦስተኛው ነው እኔን ያስደነገጠኝ። ዘመቻውን ለሁለቱም ሰፈር እኩል ስጡ። ፍትሐዊ ነው አይደል? ምንም ሳይደረግ በ5 ዓመት የነበረው ልዩነት 588 ለ200 ነው፤ 388 ሰው። ዘመቻው ለሁለቱም ሲሰጥ 691 ለ220 ይሆናል፤ 471 ሰው። እኩል የተሰጠ ነገር ልዩነቱን አሰፋው። ቅርቡ ሰፈር የገባለትን ይይዛል፤ ሩቁ ያፈስሳል። ይህን በንግግር ብቻ ለማስረዳት ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ በኤክሴል ሁለት መስመር ነው።

ከማመናችሁ በፊት

ሦስቱ ሮቶዎች ሲደመሩ በየወሩ 1,000 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ቀመር ውስጥ ሰው ጠፍቷል። ማቋረጥን ዜሮ አድርጉት፤ ያቋረጡት ሮቶ ቀስ በቀስ መጉደል አለበት። ከጨመረ የሆነ ቦታ መደመርና መቀነስ ተቀያይሯል።

ከዚያ ካለፈው ጋር አስተያዩት። የሁለት ዓመት በፊቱን መዝገብ አስገብታችሁ ዛሬን እንዲነግራችሁ አድርጉ። ዛሬን ካልነገራችሁ ነገን አይነግራችሁም። ትርጉሙ ሞዴሉ ይጣል አይደለም፤ የጎደለ ቧንቧ አለ ማለት ነው። እኛ ጋ የጎደለው ወደ ሌላ ሰፈር የሚሄዱ ተከራዮች ነበሩ።

እርግጠኛ ያልሆናችሁባቸውን ቁጥሮች በ«ከስንት እስከ ስንት» ውስጥ እያንቀሳቀሱ ማየትም አለ። 8 በመቶውን 6 እና 10 አድርጉት። መልሱ ካልተገለበጠ ተኙ። ከተገለበጠ ያንን ቁጥር ደህና አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ ሌላውን ተዉት።

ይህ ሁሉ ሲገባችሁ አዲስ ታማሚዎችን፣ ሞትን፣ ስትሮክን ጨምሩ። ከሁሉም ወደ ላይ ወዳለው ምንጭ ሂዱ፦ ጨው፣ ሸማቾች ሱቅ የሚገኘው ዘይት፣ የመራመጃ መንገድ። አንድ በአንድ ብቻ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ከጨመራችሁ የትኛው እንዳበላሸው አታውቁትም።

ኤክሴሉ ሲጠባችሁ ቬንሲም የተባለ እንዲህ ያለ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም አለ፤ ለመማሪያ የሚሆነው እትሙ በነፃ ይወርዳል። ሰው ሰውን ሲያይ የሚለወጥበት ጉዳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጎረቤት ሲያቋርጥ ጎረቤት የሚከተል ከሆነ፣ ሮቶ አይበቃም። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚንቀሳቀስበት ሞዴል ያስፈልጋል። ለዚያ ኔትሎጎ የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። እኔ ሳያስፈልግ አልገባበትም።

ወደ ሰዎቹ መልሱት

ግራፉን ይዛችሁ ወደዚያው አዳራሽ ተመለሱ፤ ኃላፊዎቹም አሁን ይምጡ። በፕሮጀክተር አታድክሟቸው። እኛ ሦስት ጆግ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን፣ ውሃ ከአንዱ ወደ አንዱ እያንቆረቆርን ነበር ያሳየነው። ጠረጴዛው ረጠበ፣ ሰው ሳቀ፣ ግን ገባው።

እንጀራ የሚጋግሩት እናት ግራፉን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ። የሩቁ ሰፈር መስመር ቀጥ ያለ መሆኑ ነው ያልጣማቸው።

«ይሄ ውሸት ነው» አሉ። «በክረምት እንዲህ አይሆንም። ሐምሌ ጭቃው ሲነሣ ታክሲው እኛ ጋ ጭራሽ አይገባም። ያኔ ማን ይሄዳል?»

መልስ አልነበረኝም። ለ12ቱም ወር 8 በመቶ ብዬ ነበር የሞላሁት። ኮምፒውተሩን እዚያው ከፍተን ለሐምሌና ለነሐሴ የተለየ ሳጥን አወጣንላቸው። ስንት እናድርገው ስል ተራ አስከባሪውና እሳቸው ተከራከሩ፤ እሱ 12 አለ፣ እሳቸው 15። ሁለቱንም ጻፍን። በማግስቱ ካርድ ክፍል ሄጄ የሁለት ክረምት ቀጠሮ ለመቁጠር ተቀመጥኩ።